አሲዱን ማን ገደለው?

«አሲዴን ገደሉብኝ! ፖሊስ ድረሱልኝ!»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጣቢያው የተደወለው ስልክ ይኼው ነበር። ተረኛው ቀጭን ኮንስታብል ሳያስብ «የሟች ስም» ከሚለው ጎን «አሲድ» ብሎ ጻፈ፤ ዕድሜ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። መዝገቡን ይዞ እትዬ ለምን ጋ ገባ።

እትዬ ለምን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው መርማሪ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ ሌባ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «ለምን? ለምን?» ሲሉት ውለው፣ ያልተጠረጠረበትን ሁሉ ጨምሮ ከተናዘዘ በኋላ «ኧረ እትዬ ለምን፣ በቃኝ!» አለ፤ ያው ተለጠፈባቸው። እሳቸውም አልጠሉትም።

«ተነስ እንሂድ» አሉት ኮንስታብሉን ጫማቸውን እያሰሩ። «አሲድ ሲሞት አይቼ አላውቅም።»

ቦታው የዛገ ብረት ገብቶ የሚያብረቀርቅ ብረት የሚወጣበት ወርክሾፕ ነው። የአልጋ እግሩ፣ የብስክሌት መሪው፣ የበር እጀታው መጀመሪያ አሲድ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ዝገቱ ይበላለታል፤ ከዚያ ታጥቦ ኒኬል ይለብሳል። ዛሬ ግን አንድ የአልጋ እግር ለአንድ ሰዓት ተነክሮ ወጥቶ ዝገቱ እንኳን ሊበላ ገላውን ታጥቦ አምሮበታል።

«ይዩልኝ እትዬ!» አለ ባለ ወርክሾፑ፣ አጭርና ወፍራም ሰው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አሲድ አስሞላሁ። ዛሬ ጥርስ የለውም! ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።»

«ለምን ይኼን ያደርጉብሃል?»

«ጠላት ስላለኝ ነዋ! ጠላቴ ደግሞ ሩቅ አይደለም» አለና ጥግ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጠቆመ።

ሽማግሌው የወርክሾፑ ዋና ባለሙያ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ገንዳ ዳር ቆመው ኖረዋል። ከኪሳቸው የሐምራዊ ጥቅል ጎመን ጭማቂ የያዘች ጠርሙስ ስለማትለይ ሰው ሁሉ ጋሼ ጎመን ነው የሚላቸው።

«የወርክሾፑ ቁልፍ ሁለት ነው» አለ ባለ ወርክሾፑ። «አንዱ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሚስቴ ትመስክር። አንዱ እሳቸው ኪስ ውስጥ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ‹ይኼ ገንዳ ሰኞን አያይም!› ብለው ዝተውብኛል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?»

«ብለዋል ጋሼ?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

ጋሼ ጎመን ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ያለቀሱ ይመስላሉ፤ አፋቸው ግን አልተሰበረም። «የገንዳው የፕላስቲክ ሩቢኔት ተሰነጠቀ። እሱ ሄዶ የብረት ሩቢኔት ገዝቶ ገጠመ። ብረት ለሚበላ አሲድ የብረት ሩቢኔት! ይበላዋል፣ ይፈሳል አልኩት። ምክር ነው የሰጠሁት፤ ዛቻ አድርጎ ሰማው።»

«ብረት ከፕላስቲክ አይጠነክርም እንዴ?» አለ ባለ ወርክሾፑ፤ ሠራተኞቹ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። «ደሞስ ቢያንጠባጥብ ነው እንጂ ጠብታ ገንዳ ሙሉ አሲድ ይገድላል? ይውሰዱልኝ! ከዛሬ ጀምሮ ሥራም የላቸው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። መርማሪ ግን በአንጀት አይመረምርም። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ተናገረ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ተጠርጣሪ ካልመጣ ሽማግሌው ጣቢያ ያድራሉ።

«እንግዲያው ያስተምሩኝ» አሉ እትዬ ለምን ሽማግሌውን ገንዳው ዳር ወስደው። «አሲድ እንዴት ይሞታል?»

«በአቻው ነው እትዬ። ለዚህ ኃይለኛ አሲድ አቻው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ለየብቻቸው ሁለቱም ሥጋ የሚበሉ አውሬዎች ናቸው። በልክ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጥርስ ያወልቃል። የሚተርፈው ጨውና ውሃ ነው፤ ያው ምግብ ላይ የምንነሰንሰው ጨው።»

«በልክ ካልሆነስ?»

«ካነሰ አሲዱ አልሞተም። ከበዛ ደግሞ ገንዳው የኮስቲክ ገንዳ ሆነ ማለት ነው፤ አንዱን አውሬ አስወጥቶ ሌላውን ማስገባት። ይኸው!» ጠርሙሷን አወጡና ከገንዳው በተቀዳ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ አደረጉ። «ይኼ ጎመን አሲድ ሲነካው ይቀላል፤ ኮስቲክ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። አሁንስ?»

ውሃው ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ።

«ልኩን አግኝቶታል» አሉ ጋሼ ጎመን። ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ አድናቆት ነበረች። «ይኼ የችኩል ሰው ሥራ አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ይግላሉ፤ ባንዴ ከደፋህበት ፈልቶ ፊትህ ላይ ይተፋል። በትንሽ በትንሹ፣ እያቆሙ፣ እያቀዘቀዙ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

እትዬ ለምን የወርክሾፑን ኮስቲክ አዩት። ቅባት ለማጠቢያ የመጣው በርሜል ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። እንግዲህ ኮስቲኩ ከውጭ ነው የመጣው። በር ከፍቶ የገባ ሰው አጠገቡ በርሜል ሙሉ እያለ ለምን ከውጭ ይሸከማል?

ቀጥለው ወለሉን አዩ። ቅዳሜ ማታ ገንዳው ዙሪያ እርጥበት እንዲጠጣ ሰጋቱራ ተነስንሶ ነበር። በበሩ በኩል የዛሬ ጠዋት ኮቴ አለ፤ የጋሼ ጎመንና የባለ ወርክሾፑ ብቻ። በገንዳውና በግድግዳው መሃል ያለው ሰጋቱራ ግን ማንም አልረገጠውም። ከሱ በላይ ፍርግርግ ያለበት ጠባብ መስኮት አለ፤ ደፉ ላይ ነጭ ጠብታ ደርቋል። የገንዳው ውሃም ሩቢኔቱ እያንጠባጠበ እንኳ ቅዳሜ ከተሞላበት መስመር አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል።

«ከላይ ነው የፈሰሰበት» አሉ ለኮንስታብሉ። «ድመት እንኳ በማታልፍበት ፍርግርግ።»

«እና ማነው?» አለ ኮንስታብሉ።

«መጀመሪያ ለምን የሚለውን አምጣልኝ፤ ማን የሚለው እግሩን አጥቦ ይመጣል።»

ባለ ወርክሾፑ ሌላ ነገር ትዝ አለው። እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሲያነሳው አንድ ሰው ይተነፍሳል። «ማነህ?» ሲለው «እ...» አለና ጆሮው ላይ ዘጋው።

«የዛቻ ስልክ ነው!» አለ።

«‹እ› ብሎ ዛቻ?»

«አተነፋፈሱን አልሰሙትም እትዬ!»

በዚህ መሃል የሚስቱ ወንድም ብቅ አለ፤ ወርክሾፑን ከእኔ በላይ የሚመራው የለም እያለ ሰፈሩን የሚያሰለች ጎረምሳ ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ኮንስታብሉ እትዬ ለምንን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። ኮስቲክ እጅ ያቃጥላላ!

«እጅህን ምን ነካህ?» አሉ እትዬ ለምን።

«ምንም።»

«ለምን ምንም?»

ጎረምሳው ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «እሑድ ቀጠሮ ነበረኝ። ሸሚዝ ስተኩስ... ካውያው...»

ፋሻው ተፈታ። እጁ ላይ የካውያ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ልጅቷ ተጠራች፤ ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አብሯት እንደነበር፣ ስምንቱንም ሰዓት ስለ እጁ ሕመም እንዳወራላት መሰከረች።

«ሁለተኛ ቀጠሮ ትሰጪዋለሽ?» አሉ እትዬ ለምን።

«እጁ ሲድን እናያለን» አለች።

አምስት ሰዓት ሆነ። ተጠርጣሪው ንጹሕ፣ ሽማግሌው እንዳሉ ጥግ ላይ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው ብለው እትዬ ለምን በሆዳቸው ተናደዱ።

ከመስኮቱ ውጭ ያለው ቀጭን መተላለፊያ ላይ ሁለት የመሰላል እግር መሬቱን የወጋበት ምልክት አገኙ። ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ የሳሙና ቤት አለ። ሳሙና የሚሠራው በዘይትና በኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ይኼን እትዬ ለምንም አያጡትም።

«ሳሙና ሠሪው?» አለ ባለ ወርክሾፑ ሲጠየቅ። «እሱማ ከጋሼ ጎመን ጋር ቢመክር ነው! ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገርንም። ልጁን የዳረ ዕለት ‹በዚህ ሰውዬ ሳሙና ከመታጠብ በድንጋይ መፈግፈግ ይሻላል› ብዬ ቀለድኩ። ቀልድ ነው እኮ! አማቾቹ ሁሉ ሳቁ፤ እሱ ከዚያ ወዲህ ‹ግቢህን ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ› ብሎ ማለ።»

«አልረገጠም?»

«አንድ ቀን! ኳስ ቢገባበት እንኳ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያስወረውረው።»

እትዬ ለምን ተሻገሩ።

ሳሙና ቤቱ ውስጥ የተቆረጡ ሳሙናዎች እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ ትልቁ ድስት ግን ቀዝቅዞ ተደፍቷል። ሳሙና ሠሪው ረጅም፣ ጠይም፣ ግንባሩን እንደ ቋጠረ የተፈጠረ ሰው ነው። ሚስቱ በተቃራኒው ጥርሷ አይከደንም፤ ገና ሳይቀመጡ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳች።

«ሰኞ ሳሙና አይሠራም?» አሉ እትዬ ለምን ድስቱን እያዩ።

«ኧረ ሰኞ ነው እንጂ የሚሠራው!» አለች ሚስትየው። «ቅዳሜ የኮስቲኩን ውሃ በጥብጦ፣ አቀዝቅዞ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል። ዛሬ ምን እንደያዘው እንጃ።»

«አሞኛል» አለ እሱ። ቃሉ አፉ ውስጥ ተንከባለለ፤ ምላሱ የከበደች ይመስላል።

«ቅዳሜ የበጠበጥከው ኮስቲክስ?»

«ተደፋብኝ።»

«እሑድ የት ዋልክ?»

«አማቴ ቤት። ምሳ በላሁ።»

«የኔ እናት ቤት?» አለች ሚስትየው ቅንድቧን ሰቅላ። «እናቴ ‹ባልሽ ለምን ቀረ?› ብላ ጆሮዬን ስትበላው ዋለች እኮ! ሥራ አለብኝ ብለህ አይደል የቀረኸው? ማታ ደሞ እራቱን ቀምሶ ‹አቃጠለኝ› ብሎ ተወው። አንድ ፍሬ ቃሪያ የለበትም!»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሳሙና ሠሪው።

«ምን አልኩ?»

እትዬ ለምን ብርጭቋቸውን አነሱ። «ሻይህን ጠጣ እንጂ።»

«አልጠማኝም።»

«ቀዝቅዟል።»

ሰውዬው ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና እፍ አለበት፤ ያውም ለቀዘቀዘ ሻይ። ምላሱን ሲያስነካው ፊቱ ተኮማተረ።

«ሳሙና መድረሱን በምን ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው።

«በምላሱ ነዋ!» አለች ሚስትየው በኩራት። «አባቱም እንደዚያ ነበር። ጫፏን ነካ፤ ኮስቲኩ ካላለቀ ይነዝረዋል። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ገዝቶ አያውቅም።»

«ምላስህን አሳየኝ።»

«ምላስ ማሳየት ነውር ነው እትዬ።»

«ልክ ነህ፤ ይቅር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በአሥራ አንድ ሰዓት ጋሼ ጎመን ጣቢያ ይገባሉ። ሥራቸውንም አጥተዋል።»

ሳሙና ሠሪው ብድግ አለ። «ጋሼ ጎመን? ጋሼ ጎመን ምን አደረጉ?»

«አሲዱን ገደሉ ተብለው ነው።»

እንደገና ተቀመጠ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ፤ እጁ ግን ብርጭቆዋን ያዘና ለቀቀ፣ ያዘና ለቀቀ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ይኼ ሰው ምላጩን ሲያላምጥ እትዬ ለምን በዓይናቸው አዩት።

መተላለፊያው ላይ ኮንስታብሉ «አለቀ! ይያዝ!» አለ።

«ለምን አደረገው?»

«ጠላቱ ነዋ!»

«ጠላት ከሆነ አንድ ባልዲ ኮስቲክ ደፍቶ አይሮጥም? ማን ነው ሰው ለማጥፋት ብሎ ግማሽ ቀን መሰላል ላይ ቆሞ፣ ምላሱን እያቃጠለ፣ ልኩን የሚፈልግ? ለክፋት ልክ አያስፈልግም፤ ይደፋል፣ ይኬዳል።»

ከወርክሾፑ ግድግዳ ሥር የሚወጣውን ቦይ ተከትለው ወረዱ። የሩቢኔቱ ጠብታ በዚያ ነው የሚሄደው። የቦዩ ዳር ላይ ነጭ ነገር ደርቋል፤ አንዲት የሰፈር ፍየል ደግሞ ጭራዋን እያወዛወዘች ትልሰዋለች።

«ሂጂ!» አለ ኮንስታብሉ ደንግጦ። «ትሞታለች!»

«ተዋት። ጨው ነው» አሉ እትዬ ለምን።

ቦዩ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደና በአጥር ሥር ወደ አንድ ግቢ ገባ። ከግቢው ጫጫታ ይሰማል። እትዬ ለምን በአጥሩ ክፍተት አጮለቁ። የሕፃናት መዋያ ነው። ስድስት ሰባት ሕፃናት ቦዩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው የወረቀት ጀልባ ይለቃሉ። አንዷ ባዶ እግሯን ውሃው ላይ ደብደብ እያደረገች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

እትዬ ለምን አጥሩን ይዘው ቆሙ። ኮንስታብሉም ገባው። «ለምን የሚለው ተገኘ» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል እትዬ ለምን ሁሉንም መተላለፊያው ላይ ሰበሰቡ። ጋሼ ጎመን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ለማደር ተዘጋጅተው ወጡ። ሳሙና ሠሪው ከደጁ ሆኖ ሲያያቸው ቆየና መጥቶ እትዬ ለምንን ወደ ጎን ሳባቸው።

«እትዬ፣ በሚወዱት ይሁንብዎ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ። ይሰሩኝ። ሊያጠፋህ ብሎ አሲድህን ገደለ ይበሉት። ግን... እንደረዳሁት እንዳይነግሩት። ክፉ ሠራ ይበሉኝ፤ እችላለሁ። ለሱ ደግ ሠራ እንዳይሉኝ!»

እትዬ ለምን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብዙ ኑዛዜ ሰምተዋል፤ ደግነቴን ሸሽጉልኝ ያለ ግን አልገጠማቸውም። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«አይሆንም ልጄ። እኔ ያገኘሁትን ነው የምናገረው» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «አሲዱን የገደለው ይኼ ነው።»

«አላልኩም ነበር?» ብሎ ባለ ወርክሾፑ ዘለለ።

«ገና አልጨረስኩም። እሑድ ጠዋት የአሲዱ ጭስ አፍንጫው ውስጥ ገባ። በመስኮት ቢያይ ያ የብረት ሩቢኔትህ ተበልቶ ይፈሳል። ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«ወደ... ቦይ ነዋ።»

«ቦዩስ?»

ባለ ወርክሾፑ ሊመልስ ሲል የልጆቹ ድምፅ ከታች ተሰማ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ደወለልህ። ድምፅህን ሲሰማ እልሁ አነቀውና ‹እ› ብሎ ዘጋው። ለዚህ ለዚህ ጥፋተኛ ነው! ሰው ስለ ልጆች ሲል አንድ ቀን እልሁን ይውጣል። አንተስ ልጄ፣ ለምን የእሳት አደጋ አልጠራህም?»

«በውሃ አጥበው ወደ ልጆቹ ይሰዱት ነበራ» አለ ሳሙና ሠሪው መሬት መሬት እያየ። «የጋሼ ጎመንን ቤት አላውቀው። የሰኞ ኮስቲኬ ቀርቧል። ግቢውን እንዳልረግጥ ምያለሁ። መሰላል ተደግፌ፣ ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቄ በፍርግርጉ አስገባሁ። በኩባያ በኩባያ። ሽቦ ላይ ባሰርኩት ጭልፋ እያወጣሁ ቀመስኩ።»

«አሲድ ቀመስክ?» አሉ ጋሼ ጎመን። «አንተ እብድ! ምላስህ ቢቀርስ? ጎመን አጥተህ ነው?»

«መጀመሪያ ኮመጠጠ፣ አቃጠለ። አሥር ሰዓት አካባቢ ጨው ጨው አለ። ያኔ ተውኩት።» ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። «ጋሼ፣ በእርስዎ ይሳበባል ብዬ አላሰብኩም። ጠዋት ሳልናገር በመቅረቴ ይማሩኝ።»

ባለ ወርክሾፑ ሳሙና ሠሪውን አየ፤ ጫማውን አየ፤ እንደገና ሳሙና ሠሪውን አየ። ከዚያ መተላለፊያውን በሦስት እርምጃ ተሻገረና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ቁመቱ ስለማይደርስ ደረቱ ላይ ነው ያረፈው። «ሳሙናህ እኮ ጎበዝ ሳሙና ነው» እያለ ያለቅሳል። «ቤቴ በድብቅ የምንታጠበው በሱ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ሳሙና ሠሪው። «ሚስትህ በኋላ በር ነው የምትገዛው።»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። የሳሙና ሠሪው ሚስት እልል አለች። ኮንስታብሉ መዝገቡን አውጥቶ «ወንጀለኛ» ከሚለው ጎን ምን እንደሚጽፍ ጠየቀ፤ እትዬ ለምን «ባዶ ተወው፣ ሩቢኔት ደግሞ አይታሰርም» አሉት።

ባለ ወርክሾፑ ዓይኑን ጠርጎ ወደ ጋሼ ጎመን ዞረ። አሁን ነው የከበደው። ሽማግሌው ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ሰው ፊት ነው የበደልኩዎት፤ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ። ነገ ይምጡልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ጋሼ ጎመን። «ነገ ግን አልመጣም።»

«ጋሼ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ሳይቀድመኝ በሩን ከፍቻለሁ። አንተ ‹ወንጀለኛ› ለማለት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብህም። ነገ እተኛለሁ። ረቡዕ እመጣለሁ። ረቡዕ ግን በሩን አንተ ከፍተህ፣ ገንዳውን አንተ አይተህ፣ ቆመህ ጠብቀኝ።»

«እከፍታለሁ! በደስታ እከፍታለሁ ጋሼ!» አለ ባለ ወርክሾፑ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ። ከዚያ ግራ ገብቶት ሠራተኞቹን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»